የደም ለጋሾቹ ገጽ

ባለፈው የገበያ ቀን ሸምቼ ስመለስ ጉልበቴ አላስኬድ ቢለኝ ከዩኒቨርሲቲው ዝቅ ብላ ካለችው ሻይ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ከጎኔ ሁለት ወጣቶች ኮምፒውተር ከፍተው ይከራከራሉ። የዛሬ ልጆች ክርክር የኳስ ነው ብዬ ልብ አላልኳቸውም ነበር። ኋላ ግን አንደኛው፣ ድረ ገጻችን ስታቲክ ፋይል ቢሆን ይበቃናል፣ አንዴ ሠርተን እናስቀምጠው ሲል ሰማሁ። ሌላኛው ደግሞ፣ የለም፣ ሰው በጠየቀ ቁጥር ሰርቨሩ አዲስ ገጽ ይሥራ፣ አለዚያ መረጃው ያረጃል አለው። ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። በዚያው ቅጽበት መብራት ጠፋና ከጓሮ ጄኔሬተር ተነሳ፤ የቤንዚኑ ሽታ በመስኮቱ ገባ። ልጆቹ ክርክራቸውን አላቋረጡም። እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ወደ ገበያው በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ከገዛ ቤቴ በር ላይ ቆሜ ነበር።

ያ ቤት መጀመሪያ የታይፕ ማሰልጠኛ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ባሉት ዓመታት ደብረ ታቦር ውስጥ መጻፊያ መኪና መምታት የሚያውቅ ሰው ሥራ አያጣም ነበር፤ ማመልከቻ አለ፣ የፍርድ ቤት ክስ አለ፣ የዕድር ደንብ አለ። ሻይ በስሙኒ ይጠጣል። ልጃገረዶቹ የተሸበሸበ ረጅም ቀሚስ ከሹራብ ጋር ይለብሳሉ፤ ወንዶቹ ብርዱን የሚከላከሉት በትከሻው ሰፊ በሆነ የሳልባጅ ኮት ነው፤ ኮቱ ለማን ተሰፍቶ እንደነበር እግዜር ይወቅ። ከቤቴ ፊት ለፊት ካሴት የሚሸጥ ሰው ነበር። ድምፅ ማጉያውን ደጅ አውጥቶ ከጠዋት ጀምሮ እንጉርጉሮ ይለቃል፤ ተማሪዎቼም ሳያውቁት ጣታቸውን በዘፈኑ ምት ያስኬዱት ነበር። ዝናብ ሲመጣ ድምፅ ማጉያውን በላስቲክ ይሸፍነዋል እንጂ አያስገባውም። ዛሬ በዚያ ቦታ ላይ የሞባይል መለዋወጫ የሚሸጥበት ባለመስታወት ቤት ቆሟል። የሚያልፍ ሁሉ ዘፈኑን በጆሮው ውስጥ ወትፎ ስለሚሄድ መንገዱ ዝም ብሏል።

ኋላ ኮምፒውተሮች ገዛሁ። ሆዳቸው የተነፋ፣ ሁለት ሰው ካልተጋገዘ የማይነሱ ነበሩ። ለእያንዳንዳቸው ዳንቴል ሠርቼ አለበስኳቸው። አቧራ እንዳይገባ እየተባለ ሰው ሁሉ ጫማውን ደጅ አውልቆ ነበር የሚገባው፤ የተማሪው ሸራ ጫማና የገጠሩ ሰው ኮንጎ ጫማ ደጃፌ ላይ ተደባልቆ ይውላል። ኢንተርኔት የመጣ ሰሞንማ ሰው ደቂቃውን እየገዛ፣ አንድ ገጽ እስኪከፈት ድረስ ስለ ዘመዱና ስለ ከብቱ አውርቶ ይጨርስ ነበር። ያሲን ወደ ቤቴ የመጣው በእነዚያ ዓመታት ነው።

ያሲን የእብናት ልጅ ነው። አባቱ እብናት ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የያሲንን ሱሪ ሁሉ የሰፉት እሳቸው ናቸውና የጭኑ መስመር እንደ ቢላ የሰላ ነበር። ከላይ ክርኑ የተላጠ ቡናማ የቆዳ ጃኬት አይለየውም። ታይፕ ሊማር መጣ፤ ታይፑን ቶሎ ጨረሰና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ከባሕር ዳር ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አምጥቶ፣ ቀን ሰው ሲያስተምር ውሎ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ያነበዋል። ድረ ገጽ መሥራት የተማረው በዚህ ዓይነት ነው። ጥቂት ቆይቶ ሥራውን አብረን ያዝነው። እኔ ልጅ አልወለድኩም። እሱም «እትዬ» ሲለኝ እንደ ማዕረግ ሳይሆን እንደ ስሜ አድርጎ ነበር። ሰው የማይወድለት ጠባይ አንድ ብቻ ነበረው፤ የጀመረውን ነገር ሳይጨርስ እህል አይቀምስም፣ ሲጠሩትም አይሰማም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሲስተር ውድነሽ መጣች። አዋላጅ ነርስ ናት፤ ጎረቤቴም ነበረች። ጋውኗን ሳታወልቅ ከሥራ መምጣቷ ነበር፤ ተማሪው እስኪወጣ ድረስ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ከዚያ ነገረችን። እናቶች ደም እየፈሰሳቸው ይመጣሉ፤ ደም ከባሕር ዳር እስኪደርስ ድረስ ጊዜ የለም። ከተማው ውስጥ ደሙ የሚገጥም ሰው ሞልቷል፤ ግን የት እንዳለ ማን ያውቃል? ቤተሰቡ ገበያ ለገበያ እየሮጠ ያለፈ ያገደመውን ይለምናል። አንዳንዱ ደሙ ይሸጣል ብሎ ይፈራል፣ የሚሰጠው ደግሞ ደሙ አይገጥምም። የፈቃደኞቹ ስም፣ የደማቸው ዓይነትና ስልካቸው አንድ ቦታ ላይ ተቀምጦ ከሐኪም ቤቱም፣ ከገጠሩ ጤና ጣቢያም ሰው በስልኩ ሊያየው ይችል እንደሆነ ያሲንን ጠየቀችው። እሱም እንደሚቻል ነገራት። ሲስተር ከሄደች በኋላ ግን ወንበሩን አዙሮ ወደ እኔ ተጠጋ።

«እትዬ፣ ሁለት መንገድ አለ» አለኝ። «አባቴ ሱቅ ውስጥ ተሰፍቶ የተሰቀለ ልብስ አለ። ገበሬው ይመጣል፣ አውርዶ ይለብሳል፣ ይሄዳል። ሌላው ሰውየው ሲመጣ ልኩ ተወስዶ የሚሰፋ ነው። ልኩ ልክ ይሆናል፤ ግን ቆሞ ይጠብቃል። የስፌት መኪናው ከተሰበረ ደግሞ ባዶውን ይመለሳል።»

የተሰቀለው ልብስ ስታቲክ የሚባለው ነው። ገጹ አስቀድሞ ተጽፎ ያለቀ ፋይል ነው፤ ሰው ሲጠይቅ እንዳለ ይላክለታል። ውጭ አገር ካለ ነፃ ቦታ ላይ ሊቀመጥ ይችላል፣ ክብደትም የለውም። ልኩ ተወስዶ የሚሰፋው ደግሞ ሰርቨር የሚሉት የማይጠፋ ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ ሰው በጠየቀ ቁጥር ኮምፒውተሩ ስሞቹን ከመዝገቡ አውጥቶ ያንኑ ሰዓት ገጹን ይሠራል። እኔ ከታይፕ በቀር ብዙም የማላውቅ ሰው ነኝ፤ ግን ሰው ስልኩን ቢቀይር ወይም አገር ቢለቅ የተጻፈው ገጽ እንዴት ያውቃል ብዬ ጠየቅሁት። እብናት ላይ ሰው አንድ ገጽ ለመክፈት ኮረብታ እንደሚወጣ፣ ከባድ ገጽ ከሆነ ደግሞ ኮረብታም ወጥቶ እንደማይከፈትለት ነገረኝ። «ለለውጡ እኔ አለሁ አይደል» አለ። «ሰው በተለወጠ ቁጥር አዲስ እሰፋለሁ።» በዚሁ ተስማማን።

ስም ስንሰበስብ የነበረውን ደስታ አልረሳውም። መጀመሪያ ደም የሰጠው ያሲን ራሱ ነው፤ ደሙ ኦ ነበር። ቀጥለው የጨርቅ ነጋዴዎቹ መጡ፣ የባጃጅ ሾፌሮቹ መጡ፣ አንድ መሪጌታ ከነደቀ መዝሙሮቻቸው መጡ። አንዲት ጠላ ሻጭ የደሟን ዓይነት ስትሰማ «ይኸን ሁሉ ዘመን ምን እንደተሸከምኩ ሳላውቅ» ብላ አሳቀችን። ስሙን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ያሲን ገጽ አድርጎ ይልከዋል። ገጹ ነጭ ነበር፤ ሥዕል የለው፣ ጌጥ የለው። ከስም አጠገብ የደም ዓይነት፣ ከደም ዓይነቱ አጠገብ ስልክ፣ አለቀ። ዓይን ከመግለጥ በፈጠነ ይከፈት ነበር። ሐሙሲት ያለ ሰው ሚኒባስ ውስጥ ተሳፍሮ እየተንገጫገጨ ይከፍተዋል። ሲስተር ውድነሽ ዛሬ እከሊት ተረፈች እያለች ስታልፍ በበሩ ብቅ ትላለች። ያሲን ራሱን ነቅንቆ ወደ ሥራው ይመለሳል እንጂ ሲፎክር አልሰማሁትም።

ከዚያ አባቱ ታመሙ። ያሲን እብናት ወርዶ ሲያስታምም ሰነበተ፣ ሲያርፉ ቀበረ፣ ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጠ። ገጹን ሊለውጥ የሚችለው እሱና ያቺ እሱ ይዟት የሄደው ትንሽ ተጣፊ ኮምፒውተር ብቻ ነበሩ። እኔ ዘንድ ሰው እየመጣ፣ እከሌ ተዛውሯል፣ እከሊት አረብ አገር ሄዳለች ይለኛል፤ እኔም ጽፌ አስቀምጣለሁ። ሐዘን ላይ ላለ ሰው ሥራ አይላክም ብዬ አላስቸገርኩትም፤ ስልክም ቢሆን እዚያ ሠፈር እንደልብ አይገባም ነበር።

በዚያው ሰሞን አንዲት እናት ከገጠር በቃሬዛ መጣች። እንጉዳይ ትባላለች። የመጀመሪያ ልጇ አልነበረም። ደሟ ከሰው ሁሉ የማይገኘው ዓይነት ነበር፤ ገጹ ላይ ይህ ደም ያላቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ተጽፈዋል። ባሏ ጌጡ ስልክ ስላልነበረው ከአንድ አስታማሚ ተውሶ ደወለ። አንደኛው መምህር ነው፤ እናቱ አንስተው ልጄ ተዛውሮ ወደ ሌላ አገር ሄዷል አሉት። ሁለተኛዋ አረብ አገር የሄደችው ልጅ ናት። ሲስተር ኋላ እንደነገረችን ሰውየው ያንኑ የማይጠራ ስልክ ደግሞ ደጋግሞ ሞከረ። በቁጥሩ ፋንታ ሌላ ሰው ፍለጋ ቢወጣ ኖሮ ያገኝ ነበር ወይ አያገኝም ማንም አያውቅም፤ የተጻፈ ነገር ስለሆነ አመነው። ደሙ ከባሕር ዳር ሲደርስ እንጉዳይ አርፋ ነበር።

ያሲን ከሐዘኑ ሲመለስ ነገርነው። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሁለቱን ስሞች ካጠፋ በኋላ ወጥቶ ደጃፉ ላይ፣ ጫማው መሀል ተቀመጠ። ካሴት ሻጩ ምን ሆነ ብሎ በምልክት ቢጠይቀኝ ድምፅ ማጉያውን እንዲቀንስ በእጄ ነገርኩት።

የእንጉዳይ አርባ ካለፈ በኋላ አንድ ገበሬ በራችን ላይ ቆመ። ጋቢውን ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው አድርጎ ለብሷል፤ ጢሙ አድጓል። ዱላውን ከግድግዳው አስደግፎ፣ የሌላውን ሰው ጫማ አይቶ የራሱን አወለቀ።

«ያ የደም ሰዎች ስም ያለበት ቤት ይኸ ነው?» አለ።

«ይኸው ነው፤ ይግቡ» አልኩት።

«ጌጡ እባላለሁ። እንጉዳይ የምትባል ባለቤቴ በወሊድ ያረፈችብኝ ነኝ።»

ያሲን ከወንበሩ ተነሳ። ጌጡ ወደ እሱ ዞር ብሎ እጁን አነሳ፤ ተቀመጥ ማለቱ ነበር።

«ልወቅሳችሁ አልመጣሁም» አለ። «እኔም ደሜን ስጡልኝ ብያቸው ነበር፤ ላንተ ሚስት አይሆንም አሉኝ። ለሌላው ሰው ሚስት ይሆን እንደሁ ብዬ ነው። ጻፉኝ።»

ጻፍኩት። ስልክ ስጠይቀው የጎረቤቱን አስጻፈ፤ በየዐሥራ አምስት ቀኑ ለገበያ ስለሚመጣ አለሁ ብሎ እንደሚያልፍም ነገረን። ጫማውን አድርጎ ሲወጣ ያሲን እስከ ዋናው አስፋልት ድረስ ሸኘው። ምን እንደተነጋገሩ አልነገረኝም። ሲመለስ ግን ያ ገጽ መፍረስ አለበት አለኝ። የሰው ሕይወት ላይ የተሰቀለ ልብስ አይሠራም፤ ገጹ በተጠየቀ ቁጥር እውነቱን መናገር አለበት አለ።

ብርቱ ኮምፒውተር ያስፈልገው ነበር፤ ከየትም ከየትም አድርጎ አገኘ። የእኛ መስመር ደካማ ስለነበረ ባሕር ዳር ያለ ጓደኛው ቤት ሊያስቀምጠው ተነሳ። ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎት ሚኒባስ ውስጥ ሲገባ አስታውሳለሁ፤ ሐሙሲት ላይ ዶሮና ሽንኩርት ተጨምሮበት ጭኑ ደንዝዞ እንደደረሰ ኋላ ነገረን። አዲሱ ገጽ ድንቅ ነበር። ሲስተር ውድነሽ ራሷ ከስልኳ ላይ ይኸ ሰው ሄዷል ብላ ትነካለች፤ ገጹ ወዲያው ይለወጣል። አምና ደም የሰጠና ዘንድሮ የሰጠ ይለያል። ለመክፈት ግን ይቆያል። የእብናቱ ጤና ጣቢያ አንዳንዴ ይከፈትልናል፣ አንዳንዴ አይከፈትልንም እያለ ያማርር ነበር። ያሲንም ቆይቶ የሚመጣ እውነት ፈጥኖ ከሚመጣ ውሸት ይሻላል ይላል። ወራት እንዲህ አለፈ። በመሀል ጌጡ በገበያ ቀን ሁልጊዜ ይመጣል። «አለሁ» ይላል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ይሄዳል።

ክረምቱ ገባ። የደብረ ታቦርን ክረምት የማያውቅ ሰው ብርድ አውቃለሁ አይበል፤ ጉሙ ከቤት ገብቶ ይቀመጣል፣ በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድበው ተማሪና አስተማሪ አይሰማማም። በዚያ ክረምት አንድ ቀን ባሕር ዳር መብረቅ ጣለና የዚያ ሠፈር መብራት ጠፋ። ማሽኑ ሞተ። በዚያው ቀን ከወረታ መንገድ አንድ ወጣት አይሱዙ ገጭቶት መጣ። ሲስተር ውድነሽ ስልኳን ከፈተች። ገጹ ባዶ ነጭ ነው፤ አንድም ስም የለበትም። እንደገና ሞከረች፤ ነጭ ነው። ያሲን ከእኔ ዘንድ ሆኖ ባሕር ዳር ይደውላል፣ ጓደኛው ከቤት የለም። ሲስተር በመጨረሻ የራሷን ደም ሰጠች፤ ከዚያም በዝናቡ ወጥታ የባጃጅ ሾፌሮቹን ለመነች። ወጣቱ ነፍሱ ተረፈ፤ እግሩ ግን ተቆረጠ። እግሩ በደሙ መዘግየት ይሁን በአይሱዙው ሐኪሞቹም አልለዩትም።

በማግሥቱ መጣች። ፊቷ እንደ አመድ ነጥቷል። ያሲን ሊያስረዳት ጀመረ፤ መብራቱን፣ መብረቁን፣ ጓደኛውን። አቋረጠችው።

«ያሲን፣ ያረጀ ስም ቢኖርበትም የሚከፈት ይሻለኛል» አለችው። «አንዱ ባያነሳ ሌላው ያነሳል። ነጭ ገጽ ላይ ለማን ልደውል?»

«ያረጀ ስም ሰው ገድሏል፣ ሲስተር።»

«ሰው የገደለው ደም መፍሰሱ ነው። አንተ የደም ሥር አይደለህም። የሚከፈት ነገር ስጠኝ።»

ሁለቱም ያሉት እውነት ነው። ያሲን ለብዙ ቀን እንደ ታመመ ሰው ሆነ። እናቱ ከእብናት ማርና ቅቤ ቢልኩለት ሳይፈታ ጥግ ላይ ቆየ። አንድ ጠዋት ግን ቀድሞኝ መጥቶ ቤቱን ከፍቶ አገኘሁት፤ ፊቱ ተፈቷል። ሁለቱን አጋብቶ ነበር። ስሞቹ ከእኛ ዘንድ ካለችው ኮምፒውተር መዝገብ ውስጥ ይኖራሉ፤ አንድ ነገር ሲለወጥ ያን ጊዜ ብቻ ኮምፒውተሯ ገጹን ሠርታ ያለቀውን ፋይል ውጭ ወዳለው ቦታ ትልከዋለች። መብራት ቢጠፋ፣ መስመር ቢቋረጥ መጨረሻ የተሠራው ገጽ ባለበት ይቆያል። ከላይ ደግሞ መቼ እንደታረመ ይጻፋል፤ ሰው የሚያየው የትናንቱን ይሁን የአምናውን እንዲያውቅ። ዛሬ ይህ ሁሉም ሰው የሚሠራው ነገር ነው ይላሉ። እሱ ግን ከማንም አልሰማውም፤ ያገኘው በእንጉዳይና በዚያ ወጣት እግር ነው።

ቤታችን ደህና ዓመታት አየ። ዳንቴሉ ቀረ፣ ኮምፒውተሮቹ ሆዳቸው ጎደለ፣ ሰው ጫማውን ሳያወልቅ መግባት ጀመረ፤ ቆይቶም መግባቱን ተወ፣ ኢንተርኔቱ ኪሱ ውስጥ ነበራ። ያሲን ሚስት አገባ፣ የቆዳ ጃኬቱን ሚስቱ አስጣለችው። ጠጉሩ ከጆሮው ላይ ሸበተ። ገጹ ይሠራ ነበር።

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። የመጣበትን ምክንያት የሚያውቁ ይጻፉት፤ እኔ የማውቀው ስልኩ አንድ ጠዋት ፀጥ ማለቱን ነው። ኔትወርክ የለም፣ አውቶቡስ የለም፣ ገበያው ላይ ጨው ተወደደ፣ በርበሬማ የሚቀመስ አልሆነም። የቆሰለ ሰው ግን ነበር። የምትወልድም ነበረች። ያሲን ያን ጊዜ ያቺ ስታቲክ ፋይል ኔትወርክ እንደማትፈልግ አሰበ። ገጿን ወደ ስልኩ ገለበጣት፤ ከስልኩ በብሉቱዝ ወደ ሲስተር ስልክ፣ ከሲስተር ወደ ሌሎቹ ነርሶች፣ ከእነሱ ወደ ባጃጅ ሾፌሮቹ። ስልክ ስለማይሠራ ከስሙ አጠገብ ሠፈሩን ጨመረበት። ሰው ስሙን አይቶ በእግሩ ሄዶ ደጃፉን ያንኳኳል። ያ ገጽ እንደዚያ ጊዜ ሠርቶ አያውቅም። ግን ማን አለ፣ ማን ሄደ የሚለውን የሚነግረው ስለሌለ ያሲን ራሱ ይዞር ጀመር። ሐሙሲት ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ገጹን ያርማል፣ እንደገና በየስልኩ ያድላል። አንድ ቀን ሞተዋል የተባሉትን ሰዎች ስም ሲያጠፋ አየሁት። ከእነሱ መሀል ጌጡ ነበር። ምን አግኝቶት ነው ብዬ ጠየቅሁት። እንዳልተጣራ ነግሮኝ ማጥፋቱን ቀጠለ።

ኋላ ደግሞ ወደ እብናት እንዳይሄድ ለምኜዋለሁ፤ ሚስቱም ለምናዋለች። እዚያ ግን እናቱ አሉ፣ ለጋሽም አለ። ሲሄድ በሰላም ደረሰ። ሲመለስ ያገኘው እህል የጫነ አይሱዙ ነበር፤ ከላይ ከጆንያው ጋር ተሳፈረ። ዝናብ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፤ አቀበቱ ላይ መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራቶ ተገለበጠ። ስልክ የለምና እኛ የሰማነው በማግሥቱ፣ በእግሩ ከመጣ ሰው ነው። ወደ እብናት መልሰው በዚያው ቀን ቀብረውታል። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበረ ከቀብሩ አልደረስኩም። ሲስተር ውድነሽ እኔ ዘንድ መጥታ አብረን ተቀመጥን። ማልቀስ እንኳ ያቃታት ሰው ስትሆን ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ኔትወርኩ ሲመለስ ስልኬን ከፍቼ ገጹን አየሁት። ውጭ አገር ባለው ቦታ ላይ፣ ስልኩ ከመቋረጡ በፊት እንደተላከው ቁጭ ብሏል። ያ ሁሉ በክፉው ጊዜ የታረመው አልደረሰውም። መዝገቡ ያለባት ኮምፒውተር፣ በየደረሰበት እያረመ ሊሄድ ይዟት ስለወጣ፣ ከያሲን ጋር ነበረች፤ ከጆንያው ሥር ተሰባብራ ወጣች። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። የዩኒቨርሲቲ ልጆች ጠርቼ አሳየኋቸው፤ ያለ ይለፍ ቃሉ ምንም ማድረግ አይቻልም አሉኝ። ሰርቨር ላይ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ መብራቱ የጠፋ ዕለት አብሮ ይጠፋ ነበር፤ ይህ ግን ማንም ሳይነካው ይኖራል አሉ። አንዱ ይህን ሲል የሚያጽናናኝ መስሎት ነበር።

ሲስተር ውድነሽ ጡረታ ወጥታ ጎንደር ልጇ ዘንድ ሄዳለች። አሁን ወጣቶቹ ደም ሲፈለግ በሌላ መንገድ ይጠራራሉ፤ ያንን ነጭ ገጽ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ቢሆንም አልፎ አልፎ ስልኬ ይጮኻል፤ የእኔም ስም እዚያው አለበት፣ ዕድሜዬ ግን ደም ለመስጠት ካለፈ ቆይቷል። ባለፈው ጾም ወራት አንድ ሰው ደወለ። ከእብናት በላይ ካለ ገጠር እህቱን አምጥቶ ነው፤ ወልዳ ደሟ አልቆም ብሏል። ከገጹ አናት ጀምሮ ሲደውል ያነሳሁት እኔ ብቻ እንደሆንኩ ነገረኝ። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወደ ባጃጆቹ ማቆሚያ ወረድኩ። ልጆቹ አያውቁኝም፤ አንዱ ግን አባቱ በያሲን ጊዜ ደም ሰጪ የነበረ ሆኖ ሳልጨርስ ተነሳ። ጓደኛውንም አስነሳው። ተሳፍረን ሄድን።

ሴትየዋ ተረፈች። ሕፃኑ ግን ሁለት ቀን አልቆየም። ሰውየውን ልጠይቀው ስሄድ ከሐኪም ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጦ አገኘሁትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ካመሰገነኝ በኋላ ስልኩን አውጥቶ ገጹን አሳየኝ።

«እትዬ፣ መጀመሪያ የደወልኩት ይኸ ያሲን የሚለው ላይ ነበር» አለኝ። «ብደውል ብደውል አይጠራም። ለምን አታጠፉትም?»

«የሚያጠፋው እሱ ነበር» አልኩት።

ስሙን ትንሽ ተመለከተው። ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከተተና ነፍስ ይማር አለ። ሕፃኑን የት ቢቀብሩት እንደሚሻል ጠየቀኝ፤ እኔም ቤተ ክርስቲያኑን በእጄ አሳየሁት።